የሂሮኒሞን ለቅሶ ወደ አማርኛ ስመልስ

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶማስ ኪድን ተውኔት «የስፔን ትራጄዲ» ሙሉውን ልተረጉም ነበር የተነሳሁት። ሂሮኒሞ ልጁን የሚያለቅስባቸው ትዕይንቶች ላይ ቀረሁ። አራት ወር በሉኝ።

ሌሊት ነው። ሽማግሌው ዳኛ ሂሮኒሞ ጩኸት ሰምቶ በሌሊት ልብሱ ይወጣል። አትክልቱ ውስጥ ሰው ተሰቅሏል። ማንነቱን ሳያይ ገመዱን ቆርጦ ያወርደዋል። ልጁ ነው! ደም የነካው መሐረብ ያነሳና፣ ደሙን ሳይመልስ ከእጁ ላያወጣው ይምላል።

ሲወጣ የሚላት የመጀመሪያዋ መስመር ላይ «እርቃን አልጋዬ» ብዬ ጻፍኩ። ለጓደኛዬ ሳነብላት «አንሶላ የለውም እንዴ?» አለችኝ። እንግሊዝኛው እርቃኑን ለአልጋው ይስጠው እንጂ ነገሩ የተኚው ነው። «ከሞቀ አልጋዬ» ብዬ ተገላገልኩ። ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ ሳላነብ አንድም መስመር አላለፍኩም።

በኋላ ትዕይንት ላይ የሚመጣው ለቅሶው ግን ገረመኝ። በእንግሊዝኛ ሳነበው የተጋነነ ይመስለኝ ነበር። በአማርኛ ብዙም ሳልለፋ ሙሾ ሆኖ መጣ፦ «ዓይን አትበሉት፣ የእንባ ምንጭ ነው፤ ሕይወት አትበሉት፣ የሚንቀሳቀስ ሞት ነው።»

ልጁ የተሰቀለበትን ቦታ ምን እንደምለው ሲጨንቀኝ እ.ኤ.አ. የ1615ቱ እትም ሽፋን ላይ ያለውን ሥዕል አየሁ። ቅጠል የለበሰ ዳስ! ልጁ እዚያ የገባው ከፍቅረኛው ጋር ነበር። ዳስ ሲባል ለእኛ ሰርግ ነው የሚመጣብን፤ ስለዚህ ቃሉ ከጠበቅኩት በላይ ሠራልኝ።

ትልቁ ጥፋቴ ሌላ ነው። ሂሮኒሞ ዘንድ ሠዓሊ የሚመጣበትን ትዕይንት ሦስት ሳምንት ደክሜበት ከጨረስኩ በኋላ የኪድ እንዳልሆነ ገባኝ። ኪድ የሞተው በ1594 ነው። ትዕይንቱ የታተመው በ1602 እትም፣ ከሌሎች ጭማሪዎች ጋር ነው። የለንደኑ ሮዝ ቲያትር ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎ በ1601 እና በ1602 ለተውኔት ደራሲው ቤን ጆንሰን የተውኔቱን ጭማሪዎች ሂሳብ እንደከፈለ መዝገቡ ላይ አለ፤ የታተመው የእሱ ይሁን የሌላ ሰው ግን እስካሁን ያከራክራል። መጀመሪያ የመድረኩን ታሪክ ባነብ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። የኪድም ስም ቢሆን በመጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ ሌላው የተውኔት ደራሲ ቶማስ ሄይዉድ በ1612 ባይጠቅሰው ደራሲውን ማን ያውቀው ነበር?

ትዕይንቱን አወጣሁት። በሳምንቱ መለስኩት። ሂሮኒሞ ሠዓሊውን «ጩኸት መሳል ትችላለህ?» ይለዋል። ሠዓሊው ማስመሰል እንደሚችል ይነግረዋል። «አይ፣ መጮህ አለበት!» ይላል ሂሮኒሞ። ይቺን እኩለ ሌሊት ላይ ሳነብ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበብኝ።