ለኦርኪዶቼ መብራት ስመርጥ

ዛሬ ግማሽ ቀኔ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የኤልኢዲ መብራት ስመርጥ አለቀ። ባለሱቁ ወይን ጠጁን ውሰጂ ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔ ግን ነጩን ወሰድኩ፤ 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው)። ነጩ ውስጥ ተክል የሚፈልገው ቀዩም ሰማያዊውም ብርሃን አለ። በወይን ጠጁ ደግሞ ቅጠሉ ታሞ ይሁን ደህና ዓይን አይለይም።

ማታ ኦርኪዶቼን የማሳድግበት ድንኳን ውስጥ ሰቀልኩት፤ ከቅጠሉ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ። የኔዎቹ ፋላኖፕሲስ የሚባሉት የኦርኪድ ዓይነት ናቸው፤ ፋላኖፕሲስ እኮ በዛፍ ጥላ ሥር የኖረ አበባ ነው። ብርሃን ሲበዛበት የቅጠሉ ጠርዝ ይቀላል፣ ሲያንሰው ቅጠሉ ጠቆር ይልና አበባ ይከለክላል። ባለፈው አስጠግቼ የሰቀልኩት አንዷን አቃጥሏታል። ጠባሳው ቡናማ ነው፣ ስዳስሰው እንደ ወረቀት ደርቋል። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

በቀን 12 ሰዓት ይበራላቸዋል። መብራት ከጠፋ ከስስ መጋረጃው ጀርባ፣ ጣና የሚታይበት መስኮት ጋ አወጣቸዋለሁ።