ኳ... ኳ...

ከአጋሮ ስመለስ የጀመረ ድምፅ ነው፤ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሥር። ሁለት ጋራዥ አሳየሁ፣ ሁለቱም "ሾክ አብዞርበር ቀይር" አሉኝ።

ዛሬ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያገኘኋቸው አዛውንት መካኒክ ካቻቢቴ እንኳ አላነሱም። "አስፋልት ላይ ነው ኮረኮንች ላይ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ "በል ንዳ ልጄ" ብለው ሚኒባሱ ውስጥ ወለሉ ላይ ጋደም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ላሜራው ላይ ለጥፈው፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይድሃሉ። "ድምፅ በላሜራ ይጓዛል፣ ሁልጊዜ ከተነሳበት ቦታ አይሰማም" አሉኝ።

ለካ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አንጠልጥሎ የሚይዘው ጎማ ነው። ሙቀት አድርቆት ተሰንጥቋል፤ ኮረኮንች ላይ ማርሚታው ሻንሲውን ይመታል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም።

ያ የተጨፈነ ዓይን ግን ከልቤ አልወጣ አለ። እናቴ "ደከመኝ" ስትል እንዲህ አድርጎ የሰማት ማን አለ? አሁን ማታ ደወልኩላት፣ ብዙ አወራችኝ።