ብስክሌቴንም ካሜራዬንም ሳልሸጥ ቀደም ብዬ ጡረታ የወጣሁበት ሂሳብ

ቀደም ብሎ ጡረታ ስለመውጣት የሚሰጡ ምክሮች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ወጪ ቀንስ፣ ቆጥብ፣ ታገስ። ምን ይቀነስ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው ሰውየው የሚወደው ነገር ነው። እኔ ግን ከሥራ ቶሎ መውጣት የፈለግኩት ብስክሌት የምነዳበትና ፎቶ የማነሳበት ጊዜ ስላጣሁ ነበር። ጊዜውን የማገኘው ብስክሌቱንና ካሜራውን ሸጬ ከሆነ ቢሮዬ ውስጥ ብቀመጥ ምን አለኝ? ስለዚህ ሂሳቡን ከሌላኛው ጫፍ ጀመርኩት። የምወደው ነገር በዓመት ምን ያህል እንደሚበላ ለየሁ፤ ቀጥዬ ያንን ወጪ ዕድሜ ልክ የሚሸከም ገንዘብ ስንት እንደሚሆን አሰላሁ።

መነሻዬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የ4 በመቶ ስሌት ነው። ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት ላይ የቆመ ነው። ገንዘብህ በአክሲዮንና በቦንድ ተከፋፍሎ ከተቀመጠ፣ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶውን አውጥተህ በየዓመቱ ያንኑ መጠን በዋጋ ንረቱ ልክ እያሳደግህ ብትኖር፣ በአሜሪካ ገበያ የኋላ ታሪክ ሲፈተሽ ቢያንስ 30 ዓመት ያዘልቅህ ነበር። 4 በመቶ ሲገለበጥ 25 ነው፤ የዓመት ወጪህን በ25 ታባዛለህ።

ስሌቱን እንዳለ አልወሰድኩትም። አንደኛ፣ 30 ዓመት በመደበኛው ዕድሜ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ነው እንጂ በ45 ዓመቱ ለሚወጣ ገና በ75 ዓመቱ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ የተሠራው በአንድ አገር ገበያ ላይ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ከፍ ባለበት ወይም የአክሲዮን ገበያው ገና ጨቅላ በሆነበት ቦታ ያንኑ ቁጥር መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። እኔ በ30 አባዛሁ። ይህ ማለት በዓመት 3.3 በመቶ ገደማ ማውጣት ነው።

ወጪ መቀነስ ሁለት ጊዜ እንደሚሠራ የገባኝም እዚህ ላይ ነው። የምትቆጥበው ይጨምራል፣ የሚያስፈልግህ ድምር ደግሞ ያንሳል። ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 5 በመቶ ትርፍ ይገኛል ብለን ብናስብ፣ ከገቢው ሩቡን የሚቆጥብ ሰው ከባዶ ተነስቶ የወጪውን 25 እጥፍ ለመድረስ 32 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ግማሹን የሚቆጥብ ግን በ17 ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ደመወዝ ምንም ይሁን ምን ወሳኙ ይህ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። በ30 ማባዛት ስጀምር ውድና ርካሽ የምላቸው ነገሮች ቦታ ተለዋወጡ። በዓመት 100 የሚያስወጣ ነገር 3,000 ቋጥረህ እንድትጠብቀው ይፈልጋል። አንዴ ተገዝቶ 20 ዓመት የሚያገለግል ነገር ግን ሙሉ ዋጋው በ30 አይባዛም፤ መጀመሪያ ለ20 ይካፈላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ከፈልኩ፤ አንዱ አንዴ ለሚገዛ፣ ሌላው ለሚመላለስ። ጥሩ የብስክሌት አካል፣ ጥሩ ሌንስ፣ የመፍቻ ዕቃ ወደ መጀመሪያው ገቡ። ወደ ሁለተኛው የገቡትን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ከምር የሚበሉኝ በየወሩ ሳላያቸው የሚቆረጡት ትናንሽ ክፍያዎች ነበሩ። ለፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በየወሩ የምከፍለውን አቁሜ ዳርክቴብል ወደሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዞርኩ። ለመልመድ ያበሳጫል፤ ከተለመደ በኋላ ግን የምፈልገውን ሁሉ ይሠራል። የካሜራ አካል በየጊዜው መቀየሩንም ተውኩት። አካሉ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱንም የምገዛው ያገለገለ ነው፤ ገንዘቤን የማሳርፈው ግን ሌንሱ ላይ ነው።

በብስክሌት በኩል ከሁሉ የጠቀመኝ ካቴና መለካት ነው። ቀልድ አይደለም። አንድ ሙሉ ዘለበት 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ 12ቱን በብረት ማስመሪያ ስትለካ አዲስ ካቴና 304.8 ይመጣል። ከ306 ትንሽ አለፍ ሲል ግማሽ በመቶ ተስቧል ማለት ነው፤ ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው ብስክሌት መለወጫው ጊዜ ይህ ነው። ካሳለፍከው የተሳበው ካቴና የኋላውን ጥርስ እየሞረደ ይበላዋል፤ የጥርሱ ዋጋ ደግሞ ከካቴናው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ዘይት መቀባቱን ትቼ ሰም ጀመርኩ። የፋብሪካውን ቅባት በደንብ አጥቤ አስወግጄ፣ ፓራፊን የሚባለውን የሻማ ሰም በማሰሮ አቅልጬ ካቴናውን እነክረዋለሁ። ሲደርቅ አቧራ አይይዝም። ዘይትና አቧራ ተደባልቀው እንደ ሞረድ የሚሠሩትን ሥራ አይሠራም። ባለቤቴ ያቺን ማሰሮ ከወጥ ቤት እስክታስወጣት ድረስ ትንሽ ግጭት ነበር፤ አሁን ማሰሮዋ የራሷ መደርደሪያ አላት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ሥራ ስትተው ሰባቱም ቀን ቅዳሜ ይሆናል። በሥራ ዘመን የያዝከው የመዝናኛ ወጪ ለጡረታ ዘመን ልክ አይደለም፤ ጎማው፣ ከመነዳሪው፣ የፍሬን ሸራው የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ነው። እኔ እነዚህን በእጥፍ ያዝኩ። የጉዞ ወጪን ግን ዝቅ አደረግኩት፤ ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት በሚወጣበት ሰሞን መሄድ ግዴታዬ መሆኑ ስለሚቀር። ማክሰኞ የሚነሳና ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት የሚጓዝ ሰው ለዚያው አልጋ የሚከፍለው ያነሰ ነው።

ሂሳቡን ከወረቀት አውርጄ ለመሞከር፣ ደመወዝ እየገባልኝ ሳለ በጡረታ በጀቴ ብቻ መኖር ጀመርኩ። የተረፈውን በሙሉ ወደ ቁጠባ አዞርኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «አንተ ጡረታ የምትወጣው ቤት ልትውል ነው ወይስ መንገድ ላይ ልትውል?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ግን የራሷን ዓምድ አምጥታ ጨመረች፤ የጨርቅና የክር ወጪዋን። ይህ በጣም ጠቀመን፤ የአንዱ ደስታ ብቻ የተጻፈበት በጀት በሚቀጥለው ወር ይፈርሳል።

ለመወሰን ድፍረት የሰጠኝ አንድ ነጥብ አለ። ቀድሞ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ትልቁ አደጋ የገበያው አማካይ ትርፍ ማነሱ ሳይሆን መጥፎዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ መምጣታቸው ነው። አማካይ ትርፋቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ገበያው ሲወድቅ ጡረታ ወጥቶ በወደቀ ዋጋ እየሸጠ ከበላ፣ ገበያው ሲያገግም የሚያገግምለት ነገር አይተርፈውም። በቤንገን ሂሳብ ውስጥም ክፉኛ የተፈተኑት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጡት ናቸው፤ የ1970ዎቹ ንረት ጠበቃቸው። መድኃኒቱ በመጥፎ ዓመት ወጪን መቀነስ መቻል ነው። ታዲያ ምኑን? የቤት ኪራይ አይቀነስም፣ መድኃኒት አይቀነስም። የእኔ ዕቃ ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ሌንስም አዲስ ቸርኬም ሳልገዛ እንደ ወትሮው መንዳትና ማንሳት እችላለሁ። ሰዎች መጀመሪያ ቁረጠው ያሉኝ ነገር ለካ ደስታዬ ሳይነካ ሊታጠፍ የሚችለው የበጀቴ ክፍል እሱ ነው። በዚህ ላይ የሁለት ዓመት የቤት ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ለብቻው አስቀመጥኩ።

ሁለት ነገር በአጭሩ። መደበኛው የጡረታ አበል ዕድሜው እስኪደርስ ስለማይከፈል፣ ወይም ቀድመው ሲጀምሩት ብዙ ጊዜ ለዘለቄታው ስለሚቀነስ፣ ያንን ክፍተት የሚሞላ ገንዘብ ለብቻው ይሰላ። አሠሪው ይከፍል የነበረው የሕክምና ሽፋን ካለም ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እኔ መጀመሪያ የሞላሁት መስመር እሱን ነው።

«ፎቶህን ለምን አትሸጥም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አስቤበት ተውኩት፤ ደንበኛ ካለ ቀጠሮ አለ፣ ቀጠሮ ካለ ሥራ ነው። የጎረቤት ብስክሌት መጠገን ግን አይከብደኝም። የሚከፍል ይከፍላል፣ የማይከፍል ያመሰግናል፤ የሚገኘው ለመፍቻዎቼ ይበቃል።

ሰሞኑን የማሰላው ጉልበቴ ሲደክም ስለሚያስፈልገኝ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ነው። አንዴ ይገዛል ብዬ መጀመሪያው ዓምድ ላይ ጻፍኩት፤ ባትሪው ግን እያረጀ የሚለወጥ ስለሆነ እሱን ብቻ ነጥዬ ወደ ሁለተኛው አሻገርኩት። የዓመት ድርሻው በ30 ሲባዛ ወፍራም ቁጥር ነው የመጣው፤ ለጊዜው ዳገቱን በእግሬ እወጣዋለሁ።