እንኳን አደረሳችሁ፣ ዛሬ ግን ሰው አፍ አትዩ
እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ከቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ከሌሊት ጀምሮ ዶሮ ዶሮ ይሸታል፣ ኮሚናሉ ጋ ቅርጫ የገቡት ቢላ እየሳሉ ነው። 55 ቀን ጾማችሁ የፈታችሁ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ ሳትጾሙ ልትፈቱ የምትመጡትም (ራሳችሁን ታውቃላችሁ) ቤቱ ክፍት ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ሰው ፊት መብላት ስለሚጨንቃቸው ሰዎች ነው። እኛጋ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እንደዛ ነው፣ ጻፊው ብሎኛል፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ ብሎ። ለብቻው ሲሆን ጥርግ አድርጎ ነው ሚበላው፣ ክብደት ምናምንም አያሳስበውም። ሰው ከተሰበሰበ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የጠቀለላት እንጀራ አፉ ሳትደርስ ወጡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዛ ሁሉም ያየው ይመስለውና ጉሮሮው ይዘጋል። ኩራት እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲፈራ ምራቁ ይደርቃል፣ ሆዱም ስራውን ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ «አልዋጥ አለኝ» ሲል እውነቱን ነው። ሐኪሞቹም ሶሻል አንዛይቲ (ሰው ያየኛል፣ ይታዘበኛል ብሎ ከልክ በላይ መጨነቅ) ለሚሉት ነገር ሰው ፊት መብላትና መጠጣት መፍራትን እንደ አንድ ምልክት ነው ሚያዩት። ደግሞ አዲስ ነገርም አይደለም እኮ፣ ድሮ መኳንንቱ ሲበሉ ዓይን እንዳያገኛቸው ይጋረድላቸው አልነበር?

እና ለሱ ከሁሉ ሚከብደው ፋሲካ ነው። በጾም ማምለጫ አለው፣ «ጾመኛ ነኝ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» ካለ ማንም አይነካውም፣ ሌላ ጊዜም ቢሆን እሮብና አርብ አለለት። ከዛሬ ጀምሮ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን እሮብም አርብም አይጾምም፣ ሰበቡ ሁሉ አለቀ። ባዶ እጁን ደግሞ የበዓል ቤት ውስጥ ማን ያስቀምጠዋል፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እምቢ ካልክ እቀየምሃለሁ... ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፣ እኔም ጉርሻ ነፍሴ ነው፣ ግን አስቡት፣ ጉርሻ ማለት አንድ ሰው አፉን ከፍቶ እስኪውጥ ድረስ ማዕዱ ሁሉ እሱን ሚያይበት ሰዓት ነው።

እኛ ቤት የያዝነው መንገድ ቀስ ያለ ነው። መጀመሪያ እኔና እሱ ብቻ፣ ሻይና ዳቦ፣ ቲቪ ተከፍቶ። ሲለመደው እማዬ ተጨመረች። ከዛ ቡና ላይ ጎረቤት ሲመጣ ቆሎ፣ ቆሎ ለዚህ ነገር ፍቱን ነው በእውነት፣ አንድ አንድ እያሉ ነው፣ ሚንጠባጠብ ወጥ የለው፣ ስንት ፍሬ ቃምክ ብሎ ሚቆጥርም የለ። ወጥ ላይ ስንደርስ ለብቻው ሰሃን ሰጠነው፣ ቦታውን ራሱ ይመርጣል፣ በር አጠገብ ከሆነም በር አጠገብ። ማድነቅም ክልክል ነው! ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ አንዴ ከደግነታቸው «ውይ ልጄ፣ ዛሬስ በላህልኝ!» ቢሉት ያነሳትን መልሶ አስቀመጣት፣ እንደገና ከሻይ ጀመርን። በሌላ በኩል ምግቡን ሁሌ መኝታ ቤት ማቅረብም አያዋጣም፣ የሸሹት ፍርሃት እየባሰ ነው ሚሄደው።

ነገሩ ከስራ ከትምህርት ሚያስቀር ከሆነ ሳይኮሎጂስት ወይ ሳይካትሪስት ማየት ነው፣ በንግግር ሚሰጥ ህክምና አለ፣ እሱም ሚሄደው እንዲሁ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ ነው። አማኑኤል ሲባል ሚደነግጥ ሰው አሁንም አለ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ሐኪም ቤት ነው፣ ሌሎች የመንግስት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ህክምና ክፍል አላቸው። ለብቻውም ሲበላ ምግብ ሚያንቀው ወይ ሚከሳ ሰው ከሆነ ግን ጉሮሮና ሆዱንም መታየት አለበት፣ ሁሉን ነገር ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ዛሬ ዶሮውን ሚያድለው እሱ ነው፣ ራሱ ነው የጠየቀው፣ እያደለ ስለሚነሳ ስለሚቀመጥ መቼ እንደሚጎርስ ማንም ልብ አይልም። እትዬም ተመክረዋል፣ ማሉልኝ። ብቻ ፈረሰኛውን ለራሴ ነው ማስቀረው ብሎ ከአሁኑ ከአባዬ ጋር ጭቅጭቅ ጀምረዋል፣ እኔ በበኩሌ እንቁላሏ ትበቃኛለች። መልካም ፋሲካ!