«ስልክ ላይ ስትስቂ አይቼሻለሁ»

በደሴ ሰፈራችንና በስልኬ ውስጥ ሁለት የተለያየን ሴቶች ነን። ጅዳ የቀሩት ጓደኞቼ «ምንም አልሆነችም፤ ያቺው ቀልደኛዋ ናት» ይላሉ። ቡና ላይ የሚያገኙኝ ጎረቤቶች ደግሞ «ምስኪን፣ ዐረብ አገር አእምሮዋን ጥላ መጣች» ይባባላሉ። ሁለቱም ወገን ያየውን ነው የሚናገረው። ስልኩ እስክመልስ ይጠብቀኛል፤ ቡናው አይጠብቅም።

ጭንቅላቴን የተጎዳሁት ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ነው። የታጠበ ምንጣፍ ተሸክሜ ከሰገነት ስወርድ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። በሲቲ ስካን ሲያዩት ደም አልፈሰሰም ተባለ፤ 13 የሚል ቁጥር ያለበት ወረቀት ተሰጠኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራው እምቢ ሲለኝ ቲኬት ተቆርጦልኝ አገሬ ገባሁ። ስለ አሠሪዎቼ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ጉዳዬ እነሱ አይደሉም።

ያ 13 ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ በቴሌግራም ያወቅኋት ነርስ ናት። የግላስጎው የንቃት መለኪያ ይባላል፤ ዓይንን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ ከ3 እስከ 15 ይሰጣል። ከ13 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው «ቀላል» ተብሎ ይመደባል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለዚያች ሰዓት ነው፤ ከዓመት በኋላ ወሬ መከተል ስለሚያቅታት ሴት አይደለም። ሲቲ ስካንም ቢሆን ደምና ስብራትን እንጂ የቀጫጭን ነርቮችን ጉዳት ብዙ ጊዜ አያሳይም አለችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰነፍኩ እንጂ ታመምኩ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የወሎን ቡና የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አቦሉ ሳይቀዳ ሦስት ወሬ ይከፈታል። አንዷ የጤፍ ዋጋ ታነሳለች፣ ሌላዋ የሸዋበሩን ሠርግ ትተርካለች፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል። ጤነኛ ጭንቅላት ከዚህ ሁሉ የሚፈልገውን መርጦ ሌላውን ይተወዋል። የእኔ መምረጡን ረስቷል፤ ሁሉንም እኩል ያስገባዋል። ስለ ጤፉ የተጠየቅሁትን አስቤ ስጨርስ እነሱ ቶና ላይ ደርሰዋል። «ኧረ እኛ ስለ ሠርጉ ነው የምናወራው!» ይሉና ይስቃሉ። በረካው ሳይቀዳ ጓዳ ገብቼ ሻርፔን ዓይኔ ላይ ጥዬ እተኛለሁ። ከበረካ በፊት መነሣት ደግሞ በእኛ ዘንድ አያስመሰግንም።

ጓደኛዬ ከጅዳ የላከችው የድምፅ መልእክት ግን የትም አይሄድም። ጠዋት ቤቱ ጸጥ ሲል ከፍቼ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የምመልሰውን ደብተር ላይ እጽፍና እያነበብኩ እቀዳለሁ፤ ከተንተባተብኩ አጥፍቼ እንደገና። እሷ ዘንድ የሚደርሰው የመጨረሻው ብቻ ነው። ቀልደኛ የምመስለው ለዚህ ነው።

ለራሴም እልካለሁ። ቴሌግራም ውስጥ ሰው ለራሱ የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ በሰዓቱ እንዲያስታውስም ማዘዝ ይቻላል። «ሽሮው እሳት ላይ ነው» ብዬ ጽፌ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ አደርገዋለሁ። እናቴ በፊት «ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?» እያለች ትከታተለኝ ነበር። አሁን እሷም ድስት ስትጥድ «ለዚያ ለራስሽ ንገሪልኝ» ትላለች።

ነገር የመጣው ሁለቱ ሴቶች የተገናኙ ዕለት ነው። በዒድ ሰሞን የእህቴ ልጅ የቀረጸችኝን ቪዲዮ ለጠፍሁ፤ ሒና ተቀብቼ እስቃለሁ። አንዲት ጎረቤታችን በሰው ፊት «ስልክ ላይ ስትስቂ አይቼሻለሁ፤ እኛ ጋ ስትመጪ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። መልሱ የመጣልኝ እንደ ወትሮው ማታ ነው። ቪዲዮው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ከእሱ በኋላ እስከ ማግሥቱ ተኝቻለሁ። የተኛሁትን ማን ይለጥፋል?

ስልኩም ያለ ልጓም አይያዝም። በራሱ የሚከፈት ቪዲዮ ስለሚያቅለሸልሸኝ ዘግቼዋለሁ፤ ብርሃኑን ዝቅ፣ ገጹን ጥቁር አድርጌዋለሁ። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰው ምላሱን መግታትና አስቦ መስጠት ሊያቅተው ይችላል። እንደ እኔ ጭንቅላታቸው የተጎዳ ጥቂት ሰዎች በቴሌግራም እንገናኛለን፤ ከመካከላችን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አለ፤ ሐረጎ ላይ ባጃጁ ተገልብጦበት ነው። ማንም በውስጥ መልእክት «ቸገረኝ» ካለው ብር ይልካል። ወንድሙ ከእሱ ጋር ተስማምቶ የባንኩን የሚስጥር ቁጥር ያዘለት፤ ስልኩን ግን አልነካበትም። እንዲህ ነው የሚሻለው። «ያደክመዋል» እያሉ ስልኩን ራሱን የሚነጥቁ ቤተሰቦች የቀረችውን በር ነው የሚዘጉት።

በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያቺ በር ተዘጋችብኝ። ጓደኞቼ በመደበኛው ስልክ ይደውሉ ነበር፤ ነገር ግን ቀጥታ ጥሪ ለእኔ ያው ቡና ነው። ሂሳቡ እየቆጠረባቸው እኔ ቃል ፍለጋ እዳክራለሁ። «አብሽሪ፣ ሌላ ቀን እንደውላለን» ይሉኛል። ሌላው ቀን እየራቀ ሄደ።

በቅርቡ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ጻፈልኝ። ላይቭ ገብቼ ታሪኬን እንድናገር፣ ሕዝቡ ስጦታ እንዲልክ፣ የባንክ ቁጥሬም ከታች እንዲለጠፍ ፈለገ። «ጥቁር ልበሺ፤ እናትሽ አጠገብሽ ትቀመጥ፤ ብታለቅስ ችግር የለውም» አለ። እንኳን ያንን ሁሉ መብራትና ሽቅብ የሚንጋጋ አስተያየት፣ አራት ሴት ያለበትን ቡና አልቻልኩም። ድምፄን ቀድቼ ልላክልህ ብለው «ፊት ካልታየ ሰው አያዝንም» አለኝ። አገድኩት።

እናቴ ግን «የመድኃኒቱን እንኳ ይሸፍን ነበር» ትላለች። መድኃኒቱ በየወሩ ይገዛል፤ ክርክሩም በየወሩ ይነሣል።