የሸክላ ድግስ በሜሪላንድ

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «ለአሮጌ ማጫወቻ ድግስ ደገስክ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ደግሻለሁ! እዚህ ሜሪላንድ የድሮ ፎኖግራፍ (ድምፅ መቅጃና ማጫወቻ) እና ግራሞፎን (የሸክላ፣ ማለትም የሙዚቃ ዲስክ ማጫወቻ) የሚሰበስቡ ፈረንጆች አሉ፤ ተራ በተራ ይጠራራሉ። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነበር። እነሱ ጋ ቺዝና ብስኩት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ካፖርትህን ያቀብሉሃል። እኛ ደግሞ ለስድስት ተጠርተን ስምንት ላይ እንመጣለን። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሁለቱንም ወገን ጠራሁ።

የእኔ ግራሞፎን ኤሌክትሪክ አያውቅም። እጀታውን ትጠመዝዛለህ፤ የብረት መርፌው የሸክላውን አንድ ገጽ አጫውቶ ይጣላል። የድምፅ መቀነሻ ስለሌለው ጥሩንባው ውስጥ ካልሲ ይጠቀጠቅበታል።

ወጡ ተበልቶ ሙዚቃው ሲደራ አንዲት ሴትዮ «ይሄ ነገር እናንተ አገር መቼ ደረሰ?» አለችኝ። ክፋት የላትም። ያንገበገበኝ የእኛዎቹ ነገር ነው። አንዱ «እኛ ጋ የት ተገኝቶ!» ብሎ አብሯት ሳቀ። ሌሎቹ ዝም። ደሜ ፈላ።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክ መልእክት የላኩት ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ነው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በገዛ ድምፃቸው መለሱ። የቪክቶሪያው መልእክት ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ፤ የምኒልክ ድምፅ ግን ዛሬም አለ። ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በርሊን ላይ ሸክላ አስቀርጸዋል። ጠፍጣፋውን ሸክላ ያመጣው ኤሚል በርሊነርም ቢሆን ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ፈጠራውን ያስመዘገበው እዚሁ ዋሽንግተን እየኖረ ነው።

ይህን ሁሉ ቆሜ ተናገርኩ። የምኒልክን ድምፅ ከስልኬ አሰማኋቸው። ሴትዮዋ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። የሳቀው ልጅ «ይሄን ማን ነገረን?» አለኝ።

ለመምጣት ያሰባችሁ፣ ስለ አገራችሁ አውቃችሁ ኑ። እዚህ ከዲግሪያችሁ በፊት የምትጠየቁት እሱን ነው። የአያት ሸክላ ቤት ካለ ለልዋጭ እንዳትሰጡት። በእጅ ሻንጣ፣ አቁማችሁ ያዙት። የጥንቱን በአልኮል እንዳትወለውሉት፤ ይሟሟል።

የ1960ዎቹን ፕላስቲክ ሸክላ ደግሞ በእጅ በሚጠመዘዝ ግራሞፎን አታጫውቱ፤ መርፌው ይፍቀዋል። በዚህ የተነሳ ከአንድ ጋሼ ጋር ተቀያይሜያለሁ። ከአዲስ አበባ ያመጡትን ካላጫወትክልኝ አሉ፤ እምቢ አልኩ፤ ቡናውን ሳይጠጡ ሄዱ። ቅዳሜ የኤሌክትሪኩን ማጫወቻ ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።