የጊዮርጊሷ ፎቅና የአያቴ እንቁላል

ባህርዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለችውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ልጅ ሆኜ ከቅዳሴ ስንመለስ አያቴ ሁሌ "ይቺን ፖርቹጋሎች በእንቁላል ነው የሰሯት ልጄ" ትለኝ ነበር። ጢስ ዓባይ ያለውን ድልድይም እንደዛው፣ በእንቁላል።

ካደግኩ በኋላ ሳነብ ፎቋን ሰራት የሚባለው የካቶሊክ ሚሲዮናዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ለካ ስፔናዊ ነው። እኛ ሁሉንም ፖርቹጋል የምንለው ወደን አይደለም፣ ሚሲዮኑ ህንድ ባለው የፖርቹጋሎች ወደብ በጎዋ በኩል ነበር የሚመጣው፣ ደግሞ ከ1580 እስከ 1640 በፈረንጆች ሁለቱን አገር የገዛው አንድ ዘውድ ነው። ሰውየው 1589 ወደኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት አመት ታስሯል፣ ከዛ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ሞክሮ 1603 ገባ፣ 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ፣ 1622 እዚሁ ጣና ዳር ጎርጎራ ሞተ። ንጉሡም ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው በዛው አመት ነው። አያቴ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምጿ ይቀየራል፣ የንጉሡ ምላስ ተጎልጉሎ ወጣ፣ "ፋሲል ይንገሥ ሃይማኖት ይመለስ" ሲል ተመለሰለት ትላለች። ታሪኩ የሚለው በሃይማኖቱ ጦርነት ስንት ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ 1632 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ ነው፣ ለኔ ግን የምላሱ ነገር ያን ሁሉ ሞት የተሸከመ ይመስለኛል፣ ህዝቡ ሀዘኑን እንደዛ ነው የያዘው።

አምና ጎርጎራ ሄጄ ማርያም ግምብን፣ ሚሲዮኖቹ በዛ ዘመን ያሰሩትን ቤተክርስቲያን አየሁ። ፈርሷል ማለት ይቻላል፣ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ አበቦች ሳር ውስጥ ወድቀው ሳይ አንጀቴ ነው የተላወሰው፣ እባካችሁ የሚመለከተው ሰው ካለ ሳያልቅ ይድረስለት። በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ነጭ ነገር በጣቴ ነካሁት፣ ደረቅ ነው፣ ጫን ስለው እንደ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ኖራ ነው። 1621 አካባቢ ከህንድ የመጣ ግንበኛ ነው የኖራውን ድንጋይ እዚህ አገር ያገኘው፣ ከዛ በፊት ፓኤዝ ራሱ ያለ ኖራ ነበር የሚገነባው።

ስመለስ ፎቶውን በስልኬ ለአያቴ አሳየኋት። መነፅሯን አድርጋ ስልኩን አይኗ ስር አስጠግታ ብዙ አየችው፣ ከዛ ነጩን መስመር በጣቷ እየተከተለች "ይኸው እንቁላሉ" አለችኝ።